ያረጀ የጥርስ ሙሌት፤ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

የተቦረቦረ ጥርሱን አስሞልቶ ከሐኪም ዘንድ የተመለሰ ሰው ነገሩ ለዘወትር ያለቀ ይመስለዋል። ይልቁንም ሙሌቱ የጥርስን መልክ የያዘና ለዓይን የማይለይ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ ጥርሱ መሞላቱን እንኳ ይዘነጋዋል። ነገር ግን የሰው እጅ የሠራው ሁሉ እንደሚያረጅ ይህም ያረጃል። ማርጀቱን በጊዜው የተረዳ ሰው ጥርሱን ያተርፋል፤ ቸል ያለ ግን በትንሽ ድካም ሊድን ይችል የነበረውን ጥርስ እስከ ማጣት ይደርሳል።

ቀድሞ ጥርስ በብዛት ይሞላ የነበረው ከብር፥ ከቆርቆሮ፥ ከመዳብና ከባዜቃ በተሠራ ቅልቅል ነበር። ቅልቅሉ ብርቱ ቢሆንም ጠቆር ያለ መልኩ በአፍ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. ማይክል ቦኖኮር የተባሉ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፥ የጥርስ ገጽ በፎስፎሪክ አሲድ ለጥቂት ጊዜ ቢቀባ ሰው ሠራሽ ሙጫን አጥብቆ እንደሚይዝ ገለጡ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ራፋኤል ቦወን ከጽኑ ሙጫና ከደቀቀ የማዕድን ዱቄት ለሚሠራው ሙሌት የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። ዛሬ ኮምፖዚት የሚባለው ሙሌት ከዚህ የመጣ ነው። የአውሮጳ ኅብረትም በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ባዜቃ ያለበት ሙሌት ከ2025 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ልዩ የሕክምና ምክንያት ከሌለ በቀር፥ እንዲቀር ወስኗል።

ሐኪሙ ይህን ሙሌት 2 ሚሊሜትር ያህል እየደራረበ በሰማያዊ ብርሃን ያጠነክረዋል። ሲጠነክርም መጠኑ ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ያህል ይኮማተራልና ከጥርሱ ጋር በተያያዘበት ዳር ይሳባል። ከዚያ በኋላ የትኩስና የቀዝቃዛ መፈራረቅ፥ የማኘክ ኃይል፥ በእንቅልፍ ጥርስ ማፋጨትና የምራቅ እርጥበት ማያያዣውን በየጥቂቱ ያላሉታል። በተከፈተው ስንጥቅ ተሐዋስያን ገብተው ስኳሩን ወደ አሲድ ሲለውጡት በሙሌቱ ዳር አዲስ ብስባሽ ይጀምራል። ሙሌት በአብዛኛው የሚበላሽባቸው ሁለቱ ምክንያቶች ይህ ብስባሽና ስብራት ናቸው። ሆኖም በደንብ የተሠራ ሙሌት ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል።

የመበላሸቱ ምልክቶች ብዙ ናቸው፤ ይኸውም ዳሩ በምላስ ሲዳሰስ መሻከሩ፥ በጥርሶች መካከል ምግብ መወተፉ፥ የጥርስ ማጽጃ ክር መበጣጠሱ፥ ጣፋጭ ወይም ቀዝቃዛ ሲነካው መጠዝጠዙ ነው። ነገር ግን ቡናና ሻይ በሙሌቱ ዳር የተዉት ጥቁር መስመር ብቻውን የብስባሽ ማስረጃ አይደለም። ይህን ለይቶ የሚያውቀው በመስተዋትና በራጅ የሚመረምር ሐኪም ነው።

እንግዲህ ጕድለት የተገኘበት ሙሌት ሁሉ ተፈልፍሎ መውጣት አለበትን? የለበትም። መልኩ ከጥርሱ ጋር አንድ ስለ ሆነ፥ ሐኪሙ ሁሉን ሲያወጣ ድንበሩን ለመለየት ይቸገርና ደኅናውን ጥርስ አብሮ ይቦረቡራል። ጕድጓዱ በየጊዜው እየሰፋ ሲሄድ የቀረው ጥርስ ይሳሳል፤ በመጨረሻም የጥርስ ዘውድ ማልበስ፥ የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ይከተላል። በጥገና ጊዜ ግን የሚወጣው የተበላሸው ክፍል ብቻ ነው። የቀረው ሙሌት ገጹ እንዲሻክር ይደረግና፥ ጥርሱ በአሲድ ተጠርጎ ማያያዣ ሙጫ ከተቀባ በኋላ አዲሱ ኮምፖዚት ይጨመርበታል። ሥራው አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም ማደንዘዣ መርፌ አያሻውም።

በእርግጥ ጥገናም ወሰን አለው። ብስባሹ ከሙሌቱ ሥር ተስፋፍቶ እንደ ሆነ ወይም ሙሌቱ በሙሉ ላልቶ ከተነቃነቀ መለወጥ ግድ ነው። ጥርሱ ማንም ሳይነካው ሌሊት የሚጠዘጥዝ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ወደ ነርቩ ደርሶ ይሆናልና ሐኪሙን ሳይውሉ ሳያድሩ ማየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጥርሱን ያስሞላ ሰው ሕመም እስኪሰማው ሳይጠብቅ በየጊዜው መመርመር፥ ጥርሱን ፍሎራይድ ባለበት ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፥ ስኳርንም መቀነስ ይገባዋል። ሐኪሙ «ሙሌቱ ይለወጥ» ባለው ጊዜም «መጠገን አይቻልምን?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል ከጎጆ ይልቅ ለጥርስ የተነገረ ይመስላል፤ የተቃጠለ ጎጆ እንደገና ይሠራል፥ የተነቀለ የአዋቂ ሰው ጥርስ ግን ተመልሶ አይበቅልም።