የባቲ ገበያ ቀን እንዴት ዌብ ገጽ ይሆናል?

የሰንበቴ ገበያ እሑድ ነው፣ የባቲ ደግሞ ሰኞ። ከሚሴ ያደገ ልጅ ይህን ያውቃል፤ ኮምፒውተር ግን ካልነገርነው አያውቅም። በኤክስኤምኤል እንዲህ እንነግረዋለን፦

<ገበያዎች>
<ገበያ><ቦታ>ሰንበቴ</ቦታ><ቀን>እሑድ</ቀን></ገበያ>
<ገበያ><ቦታ>ባቲ</ቦታ><ቀን>ሰኞ</ቀን></ገበያ>
</ገበያዎች>

በቅንፍ ውስጥ ያሉት መለያዎች «ይህ ቦታ ነው፣ ይህ ቀን ነው» ይላሉ እንጂ ስለ ቀለምም ሆነ ስለ ሰንጠረዥ ምንም አይናገሩም። ፋይሉን እንዲሁ ብትከፍቱት ብራውዘሩ መለያዎቹን ከነቅንፋቸው ይደረድርላችኋል። (በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ መለያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው 5ኛ እትም ነው፤ የቀድሞውን ሕግ የሚከተል ብራውዘር «ስህተት» ሊላችሁ ይችላል።)

ፋይሉን ወደሚነበብ ገጽ የሚቀይር ኤክስኤስኤልቲ የሚባል ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1999 ጸድቆ ነበር። ጉግል ግን ከክሮም ሊያስወጣው መሆኑን በ2025 አሳውቋል። ስለዚህ በጃቫስክሪፕት እንሥራው።

ስክሪፕቱ መጀመሪያ ፋይሉን ያመጣል። ቀጥሎ ዶም ፓርሰር የሚባለው የብራውዘሩ መሣሪያ ጽሑፉን እንደ ዛፍ ያዋቅረዋል፦ «ገበያዎች» ግንዱ፣ እያንዳንዱ «ገበያ» ቅርንጫፍ፣ «ቦታ» እና «ቀን» ቅጠሎች። በመጨረሻም ስክሪፕቱ በየቅርንጫፉ እየዞረ ለእያንዳንዱ ገበያ አንድ የሰንጠረዥ መስመር ይጽፋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው እዚያው ስልካችሁ ላይ ነው።

ጥቅሙስ? በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ኦሮምኛም አማርኛም ይነገራል። ስክሪፕቱ የቃላት ዝርዝር ከተሰጠው ከአንዱ ፋይል በሁለቱም ቋንቋ ገጽ ያወጣል። የገበያ ቀን ቢቀየር አንድ ቦታ ማረም ይበቃል። ሁለቱ ገጾች ለየብቻ ቢጻፉ ግን አንዱ ታርሞ ሌላው ሊረሳ ይችላል፤ ያኔ ፍየሉን እየነዳ የሄደውን ገበሬ የሚጠብቀው ባዶ ሜዳ ነው።