ኮዱ የማይናገረው ምክንያት

የጉማራ ወንዝ በክረምት እየሞላ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃል፤ በመጨረሻም ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል። የአንበሳሜ ተማሪዎች የወንዙን ከፍታ ከዝናቡ መጠን ጋር የሚያነጻጽር ፕሮግራም ጻፉ እንበል። የወንዙ ከፍታ የተመዘገበው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ ዝናቡ ደግሞ በጎርጎርዮሳዊው ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ወንዙ ዝናቡን አንድ ቀን ቀድሞ የሞላ ሆኖ ታየ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበር ጳጉሜ 6 ቀን ሆናለች። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሮግራሙ ግን ዕለቱን ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ያደርገዋል።

ከተማሪዎቹ አንዱ ስሕተቱን አርሞ ለውጡን በጊት መዘገበው እንበል። ጊት ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ሥራ ያዘጋጀው፣ የኮድን ለውጦች በየተራ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ የተመዘገበ ለውጥ ኮሚት ይባላል፤ አብሮትም አጭር መልእክት ይጻፋል። ተማሪው የጻፈው «ተስተካክሏል» የሚል ብቻ ነበር። ከዓመት በኋላ ሌላ ተማሪ ያችን መስመር አይቶ ትርፍ መሰለችውና ሰረዛት። ከሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ ማግስት ስሕተቱ ይመለሳል።

ምን የተለወጠ መሆኑን ጊት ራሱ መስመር በመስመር ያሳየናል። ለምን እንደ ተለወጠ ግን የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። ስለዚህ መልእክቱ እንዲህ ቢሆን በተሻለ ነበር፦

«ከዘመነ ሉቃስ በኋላ ያለውን የቀን ልወጣ አርም

መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይደረግ ስለ ነበር፣ የወንዙ መዝገብ እስከ የካቲት 21 አንድ ቀን ይቀድም ነበር። በ2016 ዓ.ም. መዝገብ ተፈትኗል።»

የመጀመሪያው መስመር አጭር ነው፤ በልማድ ከ50 ፊደላት ገደማ አይበልጥም። ቀጥሎ ባዶ መስመር ይተዋል፤ ከዚያም ምክንያቱ ይብራራል። በአንድ ኮሚት አንድ ለውጥ ብቻ መመዝገብም ይገባል፤ አምስት ነገር በአንድነት ከተለወጠ መልእክቱ ግልጽ ሊሆን አይችልም።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ መሣሪያ ያስተካከለ ሰው ምክንያቱን በመዝገብ ያሰፍራል፤ ይህን ካላደረገ የሚቀጥለው ሰው ልኬቱን ሊያምን አይችልም። ኮድም እንዲሁ ነው። ያ የሚቀጥለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን የረሳነው እኛው ራሳችን ነን።