ጥገናው ከትሉ ቀድሞ ነበር

በጁላይ 16 ቀን 2003 ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን አንድ ክፍተት የሚደፍን ጥገና አወጣ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኦገስት 11 ብላስተር የተባለው ትል በዚያው ክፍተት ገብቶ በየአገሩ ያሉ ኮምፒውተሮችን ያዘ። በመሃሉ 26 ቀን ነበር። በዓመቱ ሳሰር የተባለው ሌላ ትል መጣ፤ የእሱ መከላከያ የወጣው በኤፕሪል 13 ሲሆን ትሉ የተነሣው በኤፕሪል 30 ነው። ሁለቱም ትሎች ሰው ፋይል እንዲከፍት ወይም አንዳች ነገር እንዲጫን አይጠብቁም። ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘቱ ብቻ ይበቃቸዋል። በብላስተር የተያዘው ማሽን ከ60 ሰከንድ በኋላ እንደሚጠፋ የሚገልጽ ሳጥን ያወጣና እየቆጠረ ይዘጋል፤ ሲከፈትም እንደገና ይዘጋል።

ታዲያ መድኃኒቱ ቀድሞ ወጥቶ ሳለ ይህ ሁሉ ሰው ለምን ተያዘ? የኮምፒውተር ባለሙያዎች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጣታቸውን የሚቀስሩት በተጠቃሚው ላይ ነው፤ ሰነፍ ነው፣ ግድ የለውም ይላሉ። እኔ ግን የዊንዶውስ ኤክስፒን ታሪክ ደጋግሜ ባየሁ ቁጥር የተጠቃሚው እምቢታ ከስንፍና ይልቅ ሒሳብ ይመስለኛል።

በኦገስት 2004 ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 የተባለውን ትልቅ የማሻሻያ ጥቅል አወጣ። ቀድሞም በውስጡ የነበረው፣ ግን ተዘግቶ የኖረው ፋየርዎል ያኔ ከመጀመሪያው በርቶ እንዲመጣ ተደረገ። የደኅንነት ሁኔታን በአንድ ቦታ የሚያሳይ ገጽ ተጨመረ፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም ሳይጠሩት ብቅ የሚል ማስታወቂያን መከልከል ጀመረ። ለቀጣዩ ዊንዶውስ ይሠሩ የነበሩ መሐንዲሶች ሳይቀሩ ሥራቸውን ትተው ወደዚህ ዞረው ነበር። በእኔ ግምት ማይክሮሶፍት ለአሮጌ ሲስተም ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ሆኖም ብዙዎች ሊጭኑት አመነቱ። አይቢኤም የሚያህል ኩባንያ ሠራተኞቹን ለጊዜው እንዳይጭኑት አዘዘ፤ የሚሠሩባቸው ፕሮግራሞች ከአዲሱ ጥቅል ጋር እንዳይጋጩ ሰግቷልና። ማይክሮሶፍትም ራሱ ድርጅቶች ሰርቪስ ፓኩን የሚያግዱበት መሣሪያ ሰጥቶ እስከ ኤፕሪል 12 ቀን 2005 ታገሣቸው። የኮምፒውተር ክፍል ያለው ድርጅት እንዲህ ከፈራ፣ ብቻውን የተቀመጠው ሰው ምን ይፈረድበታል?

በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነበር። ሙሉው ጥቅል 266 ሜጋባይት ገደማ ነው። በስልክ መስመር፣ በ56 ኪሎቢት ፍጥነት፣ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መስመሩ የማይቋረጥበትን ሌሊት ያየ ካለ ይመስክር። ማይክሮሶፍት በሲዲ በነፃ ይልክ ነበር፤ ግን በእጅ በእጅ በተቀዳ ዊንዶውስ የሚሠራ ሰው አምራቹን ደጅ ለመጥናት አይደፍርም፤ ሰርቪስ ፓኩም በሰፊው የተሰራጩ አንዳንድ የተሰረቁ ቁልፎችን አይቀበልም ነበር። በዚያ ላይ ኤክስፒ ለፊደላችን የሚሆን ፎንትም ኪቦርድም አልነበረውም። ኒያላ የተባለው ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውስ ጋር የመጡት በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፈው ሰው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሙን ለብቻ አስጭኖ፣ ፎንቱን አስተካክሎ፣ ማተሚያውን አስማምቶ ይዟል። ከዚያ በኋላ «ዊንዶው ይነካ» ቢሉት አይሰማም። ሲብስበት ወደ ሠሪ ወስዶ ፎርማት ያስደርገዋል።

ችግሩ ያለው አምራቹ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጥቅል ማሰሩ ላይ ነው፤ ክፍተት የሚደፍነው ጥገናና ማንም ያልጠየቀው ለውጥ አብረው ይመጣሉ። ለውጡን የፈራ ጥገናውንም ያጣል።

ማይክሮሶፍት በ2015 ዊንዶውስ 10ን ሲያወጣ መልሱ ማስገደድ ሆነ፤ የቤት ተጠቃሚው ትልልቆቹን አፕዴቶች እምቢ የማለት መብት አጣ። በኦክቶበር 2 ቀን 2018 የወጣው ትልቅ አፕዴት ግን ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ድራይቭ አዛውረው የነበሩ አንዳንድ ሰዎች በቀድሞው ቦታ የተዉትን ፋይል ሰረዘባቸው። በ4 ቀን ውስጥ ሥርጭቱ ቆመ። የሚያናድደው፣ በሙከራ ጊዜ የተጠቀሙበት ሰዎች ይህንኑ ቀድመው ማመልከታቸው ነው። ሰሚ አላገኙም።

በዚያ ላይ ያረጀ ሲስተም ሁሉ አደገኛ፣ የታደሰ ሁሉ ደህና ነው ማለትም አይቻልም። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ትል የእንግሊዝን የሕዝብ ሆስፒታሎች ሲያሽመደምድ ኤክስፒ ተወገዘ። ማይክሮሶፍትም ድጋፉ በኤፕሪል 8 ቀን 2014 ላበቃው ኤክስፒ ሳይቀር ጥገና አወጣ። በኋላ ሲጣራ ግን በሆስፒታሎቹ ከተያዙት ማሽኖች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ነበሩ፤ ድጋፉ ያላበቃ፣ ጥገናውም ከ59 ቀን በፊት የወጣለት፣ ግን ያልተጫነበት።

አሁን ተራው የዊንዶውስ 10 ነው። መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና ከተወሰነ ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ደህና የሚሠራ ኮምፒውተር በዚህ ምክንያት ብቻ ከደጅ ይመለሳል። ይህንን ፍትሕ ነው ብዬ አልቀበልም።

ዊንዶውስ 10 ያለህ አንባቢ ግን ይህ እስኪስተካከል አትጠብቅ። መጀመሪያ ፋይሎችህን ከኮምፒውተሩ ውጭ በሆነ ዲስክ ገልብጥ፤ የአማርኛ ፕሮግራምህን መጫኛም አብረህ አስቀምጥ። በመሃል መብራት ቢሄድ ሲስተሙ ላይነሣ ይችላልና ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልተህ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ በዩፒኤስ አድርገህ ወደ ዊንዶውስ 11 ማሻሻሉን ጀምር። ማሽንህ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ከሆነ ለግለሰቦች በተዘጋጀው ተጨማሪ የደኅንነት ድጋፍ ተመዝገብ፤ ቀነ ገደቡ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው።