ከባሕር በታች መጠባበቂያ አየር ለምን ያስፈልጋል?

ለመዝናናት በጀልባ ሄዶ ወደ ባሕር የሚጠልቅ ሰው የሚተነፍሰውን አየር በጀርባው አዝሎ ይወርዳል። ይህ አየር በድንገት ቢቋረጥበት ምን ያደርጋል? ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በቀይ ባሕር ውስጥ ቲስልጎርም የምትባል የእንግሊዝ የጭነት መርከብ አለች። እ.ኤ.አ. በ1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ደብድበው አሰጠሟት፤ ዛሬም 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተቀምጣ ከሻርም ኤል ሼክና ከሁርጋዳ በጀልባ የሚመጡ ብዙ ጠላቂዎች ይጎበኟታል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። 12 ሊትር ስፋት ያለው ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ይህ በደቂቃ 20 ሊትር ለሚተነፍስ ሰው በየብስ ላይ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። በ30 ሜትር ጥልቀት ግን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሆነ የሚፈጀውም አየር አራት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት ይወርዳል።

«አየሩ ሲያልቅ ወደ ላይ መውጣት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው፣ ግፊቱ በቀነሰ መጠን በሳንባው ያለው አየር እየሰፋ ሳንባውን ሊቀድደው ይችላል። ተጣድፎ የወጣም እንደሆነ በደሙ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳያልፉ መውጣት፣ 5 ሜትር ላይም ሦስት ደቂቃ መቆየት የተለመደ ነው። ለዚህ ሁሉ አየር ያስፈልጋል።

እርግጥ ነው፣ ጠላቂዎች ለጓደኛ የሚያቀብሉት ትርፍ መተንፈሻ ይይዛሉ፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላልና። ነገር ግን ይህ መተንፈሻ አየር የሚስበው ከዚያው ከአንዱ ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ ባዶ ሲሆን ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ የቀረው ተስፋ ጓደኛው ብቻ ነው። ጓደኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የዚያን ዕለት ጀልባ ላይ የተዋወቀው ሰው ነው። በቲስልጎርም አጠገብ ውሃው በኃይል የሚፈስበት ጊዜ ስላለ ሁለቱ ቢለያዩ አያስደንቅም።

እንግዲህ እውነተኛ መጠባበቂያ የምንለው የራሱ ሲሊንደር፣ የራሱ ግፊት መቀነሻና የራሱ መተንፈሻ ያለውን ነው። 3 ሊትር የሆነው ትንሽ ሲሊንደር በ200 ባር 600 ሊትር ይይዛል። የደነገጠ ሰው በደቂቃ 30 ሊትር ይተነፍሳል ብንል፣ አንድ ደቂቃ ራሱን አረጋግቶ በተባለው ፍጥነት ቢወጣና 5 ሜትር ላይ ቢቆይ 500 ሊትር ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ይበቃዋል። በእጅ የሚያዘው 0.4 ሊትር ሲሊንደር ግን 80 ሊትር ብቻ ስለሚይዝ በዚያ ጥልቀት አንድ ደቂቃ እንኳ አያቆይም።

«ሸክም ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው» የሚሉ አሉ። 10 ሜትር ላይ፣ ከማይለይ ጓደኛ ጋር ለሚጠልቅ ሰው ክርክራቸው ውሃ ያነሣል፤ 30 ሜትር ላይ ግን አያነሣም። ሆኖም ሲሊንደሩን መያዝ ብቻውን አያድንም። መጠባበቂያውን ቆይታ ለማራዘም የሚቆጥር ሰው መጠባበቂያ የለውም፤ አየሩ ለመውጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠላቂው ከጀልባው ከመዝለሉ በፊት የትንሹን ሲሊንደር ግፊት ያንብብ፤ ከመተንፈሻውም ተንፍሶ ይሞክር፤ ዓይኑን ጨፍኖም በእጁ ፈልጎ ማግኘት መቻሉን ያረጋግጥ።