«ኔትወርኩ እዚያ ነው» ከማለታችን በፊት

ቅዳሜ ቅዳሜ ቶሮንቶ ላይ ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ለእናቴ እደውላለሁ። ወሬው መድመቅ ሲጀምር ምስሏ ደርቆ ይቀራል። የእኔ መልስ ለዓመታት አንድ ነበር፦ «እማዬ፣ ኔትወርካችሁ አስቸገረ፤ ቆይቼ ልደውል»። እሷ ደግሞ «ኧረ ልጄ፣ እዚህስ ደህና ነው፤ የጎረቤት ልጆች በዚሁ መስመር ኳስ ያያሉ» ትለኛለች። የሶፍትዌር መሐንዲሱ እኔ ስለሆንኩ አላመንኳትም።

ጣታችን ወደዚያ መጠቆሙ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2020 በመላ አገሪቱ የተዘጋው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በውጭ የሚኖሩ ብዙዎች የወላጆቻቸውን ድምፅ ለወራት አልሰሙም። ካናዳም ግን ከዚህ ነፃ አይደለችም። ጁላይ 8 ቀን 2022 የሮጀርስ ኔትወርክ ሲወድቅ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት አጥተዋል፤ የዴቢት ካርድ ክፍያ ቆሟል፤ 911 መደወል ያቃታቸውም ነበሩ።

ባለፈው ማርች አባቴ ሆስፒታል ገባ። ዶክተሩ ስለ ቀዶ ጥገናው ሲያስረዳን፣ እኔም ጥያቄዬን ይዤ ተራዬን ስጠብቅ፣ መስመሩ ጠፋ። ተመልሼ ስገባ እናቴ ብቻዋን ፈርማለች። አባቴ ደህና ወጣ፤ ያ ፊርማ ግን ሲከነክነኝ ከረመ።

የኢንተርኔት ኩባንያዬ ጋ (ስሙ ይቅር) ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። መልሱ ሁሌም «ራውተሩን ነቅለው ይሰኩት፤ ከእኛ በኩል መስመርዎ ጤነኛ ነው» ነው። እኔ የያዝኩት «ይቆራረጣል» የሚል ቅሬታ ብቻ ነበር፤ እነሱ ጋ ያለው ደግሞ ቁጥር ነው። ስለዚህ እኔም ቁጥር መያዝ ነበረብኝ።

አሮጌ ላፕቶፕ ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኘሁ፤ በዋይፋይ ከሆነማ «ችግሩ የዋይፋይህ ነው» ይሉኛላ። ከዚያ ፒንግ የሚባለው ትእዛዝ በየ10 ሰከንዱ ሦስት ቦታ እንዲያንኳኳ አደረግሁ፦ የራሴን ራውተር፣ ከቤቴ ስወጣ የመጀመሪያ የሆነውን የኩባንያውን ማሽን፣ እና 8.8.8.8 የተባለውን የጉግል አድራሻ። መልስ የጠፋበት ሰዓት ሁሉ ፋይል ላይ ይጻፋል። አነባበቡ ቀላል ነው። ራውተሩ ራሱ ካልመለሰ ጣጣው የቤቴ ነው። ራውተሩ መልሶ የኩባንያው ማሽን ዝም ካለ፣ የሚጠረጠረው በመካከል ያለው መስመር ነው። ሁለቱ መልሰው ጉግል ብቻ ከጠፋ፣ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው።

በ14 ቀን 47 ጊዜ ተቋረጠ። በ47ቱም ራውተሬ መልሷል፤ የኩባንያው ማሽን ግን ዝም ብሏል። የአየሩንም ሁኔታ ከጎኑ እጽፍ ስለነበር፣ አብዛኛው የተቋረጠው በዝናብና በረዶ በሚቀልጥበት ቀን መሆኑን አየሁ።

በአራተኛው ስልክ «ይቆራረጣል» አላልኩም። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆየበትን ደቂቃ በሰንጠረዥ ላክሁ፤ ቀድሞ የደወልኩባቸውን ቀናትም ጨመርሁ። ቴክኒሻን መጣ። ከግድግዳው ውጭ ያለው የኬብል ማያያዣ ውሃ ገብቶበት ዝጓል። ለመቀየር 10 ደቂቃ አልፈጀበትም።

ባይመጣ ኖሮ የምሄደው ሲሲቲኤስ ወደሚባለው የቴሌኮምና የቴሌቪዥን አገልግሎት ቅሬታ ኮሚሽን ነበር። ለደንበኛው በነፃ ነው፤ ግን መጀመሪያ ኩባንያው እንዲያስተካክል ዕድል ሰጥታችሁት መሆን አለበት። ለዚህም መዝገብ ይጠቅማል። በተለይ አዲስ የመጣችሁ፣ በእንግሊዝኛ ስልክ ላይ መከራከር የሚከብዳችሁ፣ ይህን ሞክሩት፤ ሰንጠረዥ አክሰንት የለውም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ለእናቴ «እማዬ፣ የሚቆራረጠው የእኔ ነበር» አልኳት።

«ነግሬህ ነበር እኮ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የጎረቤት ልጆች ኳስ ማየታቸው ማስረጃ ነበር፤ ያልመዘገብኩት እኔ ነኝ።