የፓርላማ ድምፅ ሚዛንና የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ቀኝ ክንፍ

በፓርላማ ሥርዓት በሚመሩ አገሮች መንግሥት የሚመሠርተው አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ነው። ይሁንና የተገኘው አብላጫ ጠባብ ሲሆን፣ በገዥው ፓርቲ ውስጥ የተደራጀ አነስተኛ ቡድን የመንግሥትን ረቂቅ ሕግ ለማሳለፍም ሆነ ለማሰናከል የሚያስችል አቅም ያገኛል። በብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ውስጥ የተቋቋመው "የአውሮፓ ጥናት ቡድን" የዚህ ዓይነቱ አሠራር ዓይነተኛ ማሳያ ነው።

ቡድኑ የተቋቋመው እ.ኤ.አ በ1993 ሲሆን፣ መሥራቹ የምክር ቤት አባል የነበሩት ሚስተር ማይክል ስፓይሰር ናቸው። ወቅቱ የጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር መንግሥት የአውሮፓ ኅብረትን የመሠረተውን የማስትሪክት ስምምነት ለማጽደቅ ከገዛ ፓርቲው አባላት ብርቱ ተቃውሞ የገጠመበት ነበር። የቡድኑ አባላት ከፓርቲው ቀኝ ክንፍ የሚመደቡ ሲሆኑ፣ የአገሪቱ ሕግ በብሪታንያ ፓርላማ ብቻ ሊወጣ ይገባል የሚለው አቋም ዋነኛ መለያቸው ነው።

የቡድኑ አደረጃጀት ከመደበኛ የፓርቲ መዋቅር የተለየ ነው። አባላቱ ከፓርላማ የሥራ ማስኬጃ ወጪያቸው ላይ መዋጮ በመክፈል በጋራ የሚጠቀሙበትን የጥናት አገልግሎት ያንቀሳቅሳሉ። የምክር ቤት አባላትን ወጪ የሚቆጣጠረው ገለልተኛ ተቋም ይህን መሰሉን የጋራ አገልግሎት ይፈቅዳል፤ ሆኖም በሕዝብ ገንዘብ የሚዘጋጀው ጥናት ለፓርቲ ቅስቀሳ እንዳይውል ይከለክላል። ቡድኑ የአባላቱን ሙሉ ዝርዝር ይፋ ያለማድረግ ልማድ ያለው በመሆኑ፣ የመንግሥት ተጠሪዎች ከድምፅ አሰጣጥ በፊት የተቃዋሚዎቹን ቁጥር በትክክል ለመገመት ሲቸገሩ ቆይተዋል።

ቡድኑ ከፍተኛ ተደማጭነት ያገኘው ሰኔ 23 ቀን 2016 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 51 ነጥብ 9 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣትን ከደገፈ በኋላ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ የፓርላማ ድጋፋቸውን ለማጠናከር በሰኔ ወር 2017 ምርጫ ቢያካሂዱም፣ ፓርቲያቸው ከ650 መቀመጫዎች ያገኘው 317 ብቻ ነበር። በመሆኑም መንግሥታቸው 10 መቀመጫ ባለው የሰሜን አየርላንድ ዴሞክራሲያዊ ዩኒየኒስት ፓርቲ ድጋፍ ላይ ለመመሥረት ተገደደ። በዚህ ሁኔታ ጥቂት የገዥው ፓርቲ አባላት ፊታቸውን ቢያዞሩ መንግሥት ድምፅ ያጣል።

የልዩነቱ ማዕከል በሰሜን አየርላንድና በአየርላንድ ሪፐብሊክ መካከል ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ድንበር ነበር። ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ ያለው መንፈስ በድንበሩ ላይ የፍተሻ ኬላ እንዳይመለስ የሚያስገድድ በመሆኑ፣ ወይዘሮ ሜይ ከኅብረቱ ጋር የደረሱበት ስምምነት ሌላ መፍትሔ እስኪገኝ ብሪታንያን በጋራ የጉምሩክ ክልል ውስጥ የሚያቆይ ዋስትና ይዟል። የጥናት ቡድኑ አባላት ይህ ዋስትና ብሪታንያ በራሷ ውሳኔ ልትወጣበት የማትችለው መሆኑን በመጥቀስ ተቃወሙት።

በታኅሣሥ ወር 2018 በፓርቲው ደንብ መሠረት ከምክር ቤት አባላቱ 15 በመቶ የሚሆኑት የጽሑፍ ጥያቄ በማቅረባቸው በወይዘሮ ሜይ የፓርቲ መሪነት ላይ የመተማመኛ ድምፅ ተሰጠ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ 200 ለ117 በሆነ ድምፅ አሸነፉ። በደንቡ መሠረት ለአንድ ዓመት ተመሳሳይ ጥያቄ ሊቀርብባቸው ባይችልም፣ ከራሳቸው የምክር ቤት አባላት ከሦስት እጅ አንዱ እንደማይደግፋቸው በይፋ ታወቀ።

ከዚያ በኋላ የመውጫ ስምምነቱ ሦስት ጊዜ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ሦስቱንም ጊዜ ውድቅ ሆኗል። ጥር 15 ቀን 2019 በ432 ለ202፣ መጋቢት 12 ቀን በ391 ለ242፣ መጋቢት 29 ቀን ደግሞ በ344 ለ286 ድምፅ ተሸንፏል። ስምምነቱን የተቃወሙት የገዥው ፓርቲ አባላት ቁጥር ከ118 ወደ 75፣ በመጨረሻም ወደ 34 ወርዷል። ከእነዚህ ውስጥ እስከ መጨረሻው የጸኑት 28 የጥናት ቡድኑ አባላት "ስፓርታኖች" የሚል መጠሪያ አግኝተዋል።

ይሁን እንጂ ስምምነቱን ያከሸፉት 28ቱ ብቻ ናቸው የሚለው አባባል በስሌት ሲታይ የተሟላ አይደለም። አንድ አባል አቋሙን ሲለውጥ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ድምፅ ይጠባል። 28ቱ በሙሉ ቢደግፉት ኖሮ ውጤቱ 316 ለ314 በመሆን ስምምነቱ በሁለት ድምፅ ይወድቅ ነበር። ከኅብረቱ ጋር መቆየትን የሚሹ ስድስት የገዥው ፓርቲ አባላት፣ የሰሜን አየርላንዱ ፓርቲና አብዛኞቹ ተቃዋሚዎችም፣ ምክንያታቸው የተለያየ ቢሆንም፣ በአንድ ወገን ቆመው ነበር። የቡድኑ ድምፅ ወሳኝ የሆነው ከሌሎች ተቃውሞዎች ጋር በመደመሩ ነው።

የዚህ አለመግባባት ጫና ያረፈው በአስተዳደር ሠራተኛውም ላይ ነበር። የመውጫው ቀን መጀመሪያ ከመጋቢት 29 ወደ ሚያዝያ 12፣ ቀጥሎ ወደ ጥቅምት 31፣ በመጨረሻም ወደ ጥር 31 ቀን 2020 ተራዝሟል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የትኛው ሕግ እንደሚጸድቅ ሳያውቁ፣ "የሎውሃመር" በተባለው የዝግጅት ዕቅድ ያለስምምነት መውጣት በወደቦች፣ በመድኃኒትና በምግብ አቅርቦት ላይ ሊያስከትል የሚችለውን መስተጓጎል ለመቋቋም ሲዘጋጁ ቆይተዋል።

ወይዘሮ ሜይ ግንቦት 24 ቀን 2019 ሥልጣን እንደሚለቁ ካስታወቁ በኋላ የተተኩት ሚስተር ቦሪስ ጆንሰን፣ በታኅሣሥ ወር 2019 ምርጫ 365 መቀመጫ በማግኘት 80 ድምፅ ብልጫ ያለው መንግሥት መሠረቱ። እርሳቸው የተደራደሩበት ስምምነት የፍተሻውን ሥራ በሰሜን አየርላንድና በተቀረው የብሪታንያ ክፍል መካከል የሚያደርግ ቢሆንም፣ የጥናት ቡድኑ ደግፎታል፤ ብሪታንያም ጥር 31 ቀን 2020 ከኅብረቱ ወጥታለች።

ሰፊ አብላጫ ባለበት የቡድኑ ክብደት ምን ያህል እንደሚቀንስ በግልጽ የታየው ግን በ2023 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ የሰሜን አየርላንድን ንግድ ለማስተካከል የደረሱበት የዊንዘር ማዕቀፍ አካል የሆነው ደንብ መጋቢት 22 ቀን ለምክር ቤቱ ሲቀርብ፣ ቡድኑ ቢቃወመውም በ515 ለ29 ድምፅ ጸድቋል። ደንቡን የተቃወሙት የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባላት 22 ብቻ ነበሩ። ቀደም ሲል የቡድኑ ሊቀመንበር የነበሩት ሚስተር ስቲቭ ቤከር በወቅቱ የሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ ሆነው ማዕቀፉን ከደገፉት አንዱ ናቸው። በ2019 ስምምነትን ለማስቀረት የበቃው ቁጥር፣ ከአራት ዓመት በኋላ የመንግሥትን አቋም ለማናወጥ ሳይበቃ ቀርቷል።

በሐምሌ ወር 2024 ምርጫ ወግ አጥባቂ ፓርቲው 121 መቀመጫ ይዞ ወደ ተቃዋሚነት ሲወርድ፣ ሚስተር ቤከርና ሌላው የቀድሞ ሊቀመንበር ሚስተር ጃኮብ ሪስ-ሞግ የምክር ቤት መቀመጫቸውን አጥተዋል።

ከዚህ ሂደት መገንዘብ የሚቻለው፣ በፓርቲ ውስጥ ያለ ቡድን ኃይል የሚለካው በአባላቱ ብዛት ሳይሆን መንግሥት ባለው የድምፅ ብልጫ ስፋት መሆኑን ነው። በመሆኑም አንድ ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት የገዥው ፓርቲ አጠቃላይ መቀመጫ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያሉት ክንፎች አቋም መታወቁ፣ ሕጉን የሚያስፈጽሙ መሥሪያ ቤቶች ለየትኛው ውጤት መዘጋጀት እንዳለባቸው በጊዜ እንዲያውቁ ያስችላል።