ከእናት ቀሚስ የተሰፋ የገና ስጦታ

ኅዳር 12 ቀን የቤት ጉድፍ ተጠርጎ በየደጁ የሚቃጠልበት ዕለት መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአገራችን ላይ ከወረደው፣ ዓለምንም ሁሉ ካዳረሰው ከኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ዕለት እኛም ሟች እናታችን ይኖሩበት የነበረውን ቤት ስናጸዳ፣ ልጆቹ ለእሳቱ የሚሆን አሮጌ ነገር ሲፈላልጉ ከአልጋ ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን ጎትተው አወጡ። በላይ የነበረው አሮጌ ጋዜጣና ብል የበላው ብርድ ልብስ ወደ እሳቱ ሄደ። ከሁሉ በታች ግን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የእናታችን የበዓል ቀሚስ ነበረ። ትንሹ ልጅ እርሱንም በክንዱ አቅፎ ወደ ደጅ ሲሮጥ ደርሰን ያዝነው።

ቀሚሱ እናታችን በገዛ እንዝርታቸው ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው ያሠሩት፣ ጥልፉንም ራሳቸው የጠለፉት ነው። ትከሻውን ብል በልቶታል፤ ደረቱና ጥለቱ ግን ደኅና ነበረ።

እኛ አራት ወንድማማችና እህትማማች ነን። እናታችን ካረፉ በኋላ የቤቱንና የመሬቱን ነገር ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ዳኛ በሰላም ጨርሰን ነበርና ጎረቤት ሁሉ አመስግኖናል። በዚህ በአንድ አሮጌ ቀሚስ ግን ልንጣላ ምንም አልቀረን። ታላቅ ወንድማችን «እንደ ነበረ በሳጥኑ ይቀመጥ እንጂ ማንም አይንካው» አሉ። በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን የሚኖሩት ታላቅ እህታችን ደግሞ በስልክ፣ «ለቀብሯ አልደረስሁም፤ ቀሚሷን እንኳ እኔ ልያዘው» ብለው አለቀሱ። ታናሽ ወንድማችን ዝም አለ፤ ነገር ግን ሴት ልጁ ለጥር የምትዳር ስለ ሆነች ምን እንደሚያስብ ሳይናገር አወቅንበት።

ነገሩን የቆረጡት ባለቤታችን ናቸው። «ቀሚሱ ለአንድ ሰው አይበቃም፤ ለአራት ግን ይበቃል» አሉን። ትርጉሙን ወዲያው አልተረዳነውም። በኋላ ግን ከቀሚሱ አራት የትራስ ልብስ ሰፍተን ለገና ለእያንዳንዱ እንድንሰጥ ተስማማን። እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን የቀረን 47 ቀን ብቻ ነበር።

ቤቱ ደግሞ በዚያው ጊዜ ፈርሶ ይታደስ ነበር። የጭቃ ቤት የሚታደሰው ዝናም ከቆመ በኋላ ነውና ከኅዳር ሌላ ጊዜ አልነበረንም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ የግድግዳው ማገርና ቋሚ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ጫፉ ግን በስብሶ ስለ ነበረ ብዙው ተለወጠ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር እየተረገጠ ለብዙ ቀን ይቦካል። ጭዱ ጭቃውን እንደ ክር ሆኖ ያያይዘዋል፤ ያለ እርሱ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። መጀመሪያ ምርጊቱ ይመረጋል፣ እርሱ ሲደርቅ ልስኑ ይከተላል፣ በመጨረሻም ኖራ ይቀባል። የቸኮለ ሰው ከቸኮለበት ጊዜ የበለጠ ስንጥቅ በመድፈን ያጠፋል። የኛ ጭቃ ሠሪ ግን አልቸኮለም፤ ከሌላ ሰው ሥራ ይዞ አምስት ቀን ጠፋብን።

የጣራው ውስጥ ኮርኒስ የተሠራው ከአቡጀዲ ነው። እናታችን ራሳቸው ሸራውን ገጥመው ሰፍተው ያስወጠሩት ሲሆን፣ ሠራተኞቹ ሲያወርዱት የብዙ ዓመት አቧራ በላያችን ወረደ። ጨርቁን በደጅ ዘርግተን ስናራግፍ ግን ስፌቱን አየነው። የእጃቸው ስፌት አጭርና ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ የቀሚሱም ቅምቅማት እንዲሁ ነው። ታላቅ ወንድማችን ይህን ባዩ ጊዜ ስለ ሳጥኑ የሚናገሩትን ተዉት።

የስፌት መኪናውን ከአቧራው ለማዳን ወደ ማድ ቤት ወሰድነው። ይህም በእጅ የሚዞር አሮጌ ሲንጀር ነው። ዓይኑ በጫፉ አጠገብ ያለው መርፌ ከላይ፣ ሁለተኛው ክር ከታች ሆነው የሚቆላለፉበትን የስፌት መኪና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. ኤልያስ ሃው የተባለ አሜሪካዊ በስሙ አስመዘገበ። ይስሐቅ ሲንጀር በ1851 ዓ.ም. የራሱን አሻሽሎ አወጣ፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ ዋጋው እየተከፋፈለ እንዲከፈል ማድረጉ መኪናው በብዙ ቤት እንዲገባ ረዳው። መብራት ሲጠፋ የእጅ መዘውሩ ይሠራልና እኛም ስለዚህ እናመሰግነዋለን። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ የሽንኩርቱ ሽታ ሳይወጣ እንሰፋ ነበር።

መቀሱን ግን ለብዙ ሌሊት ማንሣት አልቻልንም። ቀሚሱን በገበታው ላይ ዘርግተን፣ በሳሙና ምልክት አድርገን፣ መልሰን እናጥፈው ነበር። አንድ ቅዳሜ ታላቅ ወንድማችን ግድግዳውን ሊያዩ መጥተው ይህን አገኙ። ምንም ሳይናገሩ ተቀመጡና ጨርቁን በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙልን። እኛም ስንፈራ መቀሱን ከእጃችን ወሰዱና የመጀመሪያውን ራሳቸው ቆረጡት። «ጋሼ፣ ምልክቱን ይጠብቁ!» ብንል «ዝም በሉ፣ አያለሁ» አሉን፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ስለ ነበረ ቆራጡ ትንሽ ጠመመ። ያንን ጠማማ ለእኛ አስቀረነው።

በሥራው ላይ የደረሰብንን ስሕተት ለሚሰፉ አንባቢዎቻችን እንናገራለን። ለትራሱ ጀርባ አዲስ አቡጀዲ ገዝተን ሳናጥብ ሰፋነው። ቀሚሱ ስንት ጊዜ ታጥቦ የሚሰበሰበውን ያህል የተሰበሰበ ነው፤ አቡጀዲው ግን ገና አልተነካም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ትራስ ብናጥበው ጀርባው አጥሮ ፊቱ ተጨማደደ። ስፌቱን በምላጭ ፈትተን፣ አቡጀዲውን በሙቅ ውሃ አጥበን አድርቀን እንደ ገና ሰፋን፤ በዚህም አራት ሌሊት ጠፋ። የቀዩም ክር ቀለም እንዳይፈስ አስቀድሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጎ መፈተን ይገባል። የሀገር ፈትል ሸማ ድርና ማጉ ላላ ያለ ስለ ሆነ ጠርዙ ይተረተራል፤ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ትቶ፣ ሁለት ጊዜ አጥፎ መቀምቀም ነው። የመኪናው ጥርስ ጨርቁን እንዳይነክሰውም ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጎ ሰፍቶ፣ በኋላ ወረቀቱን መቅደድ ደኅና ይሆናል።

ከሁሉ የከበደው የደረቱ ጥልፍ ነበር። ጥለቱ ለአራት ተካፈለ፤ የደረቱ መስቀል ግን አንድ ነው፣ ተካፍሎም መስቀል አይሆንም። ለቀብር ላልደረሱት እህታችን ይሁን ብሎ የተናገረው ታናሽ ወንድማችን ነው። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ለሙሽራዪቱ ልጁ ግን ጥለቱ ሰፋ ያለበትን የቀሚሱን ታች መረጥንለት።

ለሦስቱ ትራስ ጥጡን ፍሬውን በመዳመጫ አውጥተን፣ በደጋን አስነድፈን፣ ባዘቶውን ሞላንበት፤ ያልተነደፈ ጥጥ ከጥቂት ቀን በኋላ ይቋጠራልና። የእህታችን ግን ያለ ጥጥ ታጥፎ፣ ወደ ዋሽንግተን በሚሄድ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ገባ። በሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ገበያ ከዚህ የሚያምር ትራስ በአንድ ሰዓት ገዝቶ መመለስ እንደሚቻል እናውቃለን፤ ለሌላ ሰው ስጦታ እኛም ከዚያው እንገዛለን።

ገና ደረሰ፤ የምሥራቁ ግድግዳ ልስኑ አልደረቀም፣ በሩም አልተቀባም። ዶሮው በተበላበት በዚያ ክፍል ውስጥ የጭቃው እርጥብ ሽታ ከዕጣኑ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ታላቅ ወንድማችን ትራሳቸውን ተቀብለው በጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉት እስከ ማታ ተቀመጡ።

እህታችን በሦስተኛው ቀን ደወሉ። ጨርቁን ሲዘረጉት ከማዕዘኑ እጥፋት ነጭ ዱቄት በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ «ይህ ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁን። የቤቱ ኖራ መሆኑን፣ በምንሰፋበት ጊዜ ከግድግዳው ቦንኖ መግባቱን ነገርናቸውና ይቅርታ ጠየቅን፤ በደረቁ ቢያራግፉት እንደሚለቅም አስረዳናቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥሎም «አላራግፈውም» አሉን፤ የምሥራቁም ግድግዳ ደርቆ እንደ ሆነ ጠየቁ።